ከግማሽ ገጽ ወደ አራት ገጽ፦ የዋጋ ግምት አጻጻፍ ልምምዴ

የዋጋ ግምት መጻፍ ያስተማረችኝ አምና ደሴ ላይ ልሠራ የያዝኳት ቤት ናት። ቦታዋ ጦሳ ሥር፣ ዳገት ላይ ነው። ያኔ ግምት የምለው «ግንብ ይሄን ያህል፣ ጣሪያ ይሄን ያህል» ብሎ መደመር ነበር። ሲኖትራኩ አሸዋ ይዞ ሲመጣ መንገዱ አላስገባውም። መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው አስፋልት ዳር ገልብጦት ሄደ። አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ብሎኬቱ፣ ሁሉም በሰው ትከሻ ወጣ። የሸክሙ ሒሳብ ወረቀቱ ላይ ስላልነበር ከኪሴ ከፈልኩ። ትርፌ እዚያች ዳገት ላይ ቀረች።

አሁን ዋጋ ከመጥራቴ በፊት ሜትር ይዤ ቦታው ድረስ እሄዳለሁ። መኪና የት ድረስ ይገባል? ውኃ አለ? አፈሩስ የት ይደፋል? አፈር ሲቆፈር ያብጣል፤ በልኬት 10 ኪዩብ ያልኩት ሲጫን 12 ወይም 13 ይሆናል። ይህን እስካውቅ ስንት ቢያጆ በነጻ አስደፋሁ!

ብሎኬት ቀላል ነው። በ20 በ40 ከሆነ 1 ካሬ ግድግዳ 12.5 ይበላል፤ ለስብራት ብዬ 13 እይዛለሁ። በርና መስኮቱን መቀነስ ነው። የሚያስቸግረኝ ፌሮ ነው። ዲያሜትሩን በሚሊሜትር ይዞ፣ በራሱ አባዝቶ ለ162 ማካፈል የ1 ሜትሩን ኪሎ ይሰጣል፤ ባለ 12 ፌሮ 0.89 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስሌቱስ እሺ። ብረት ከብረት ሲቀጠል የሚደራረበውን መርሳት ግን በሽታዬ ነው።

አሁን መጨረሻው ላይ «ይህ ዋጋ የማያካትተው» የሚል ክፍል አለኝ። አጥር፣ ሴፕቲክ፣ የመብራት ቆጣሪ። ቫቱ 15 በመቶ ውስጡ መኖር አለመኖሩን፣ ዋጋው ለስንት ቀን እንደሚጸናም እጽፋለሁ። የሲሚንቶን ነገር ታውቁታላችሁ።

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ለአንድ ሀጂ አራት ገጽ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩትና፣

«ልጄ፣ ሌላው በአንድ ገጽ ነው ያመጣልኝ። ያንተ በዋጋም ይበልጣል» አሉኝ።

«ሀጂ፣ የሱ ላይ ጥቁር አፈሩን ቆርጦ ገረጋንቲ መሙላት አለ?»

ከኪሳቸው አውጥተው ፈለጉ። የለም።

«አብሽር፣ እጠይቀዋለሁ» ብለው ሁለቱን ወረቀት አንድ ላይ አጠፉት።

እስካሁን አልደወሉም። ማታ ቤቴ ገብቼ ቅጂውን ስከልስ፣ የፌሮውን መደራረቢያ ረስቼው አገኘሁት።