«ሰው አልባ» ያልኳት ደሴት

ስልኩ የተደወለው መጽሔቱ ገበያ ላይ በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። ያነሳችው የቢሮ ጸሐፊያችን ናት። መነጋገሪያውን በእጇ ከድና «ካርታውን የሠራው ማነው እያሉ ነው፤ ተቆጥተዋል» አለችኝ። ካርታውን የሠራሁት እኔ ነበርኩ።

ያኔ በአንድ ወርኃዊ መጽሔት ውስጥ የገጽ ቅንብር ሠራተኛ ነበርኩ። በዚያ እትም ስለ ቀይ ባሕር ደሴቶች ሁለት ገጽ ይዘናል። ዋናው ጽሑፍ የባልደረባዬ ነው። ካርታውና ከጎኑ የሚገቡት አጫጭር መግለጫዎች ግን የእኔ ናቸው። ለእያንዳንዱ ደሴት ሦስት ሦስት መስመር። ዳህላክ፣ ሐኒሽ፣ ዙቀር፣ ዙበይር፣ ከዚያ ብቻዋን ገለል ብላ ባሕሩ መሃል የቆመችው ጀበል አል ጠይር።

ስሟ በዐረብኛ «የወፍ ተራራ» ማለት ነው። በየመንና በኤርትራ ዳርቻዎች መካከል፣ ከሁለቱም ርቃ ትገኛለች። ርዝመቷ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከፍታዋ 244 ሜትር። ካርታዬ ላይ ከምስር ፍሬ አትበልጥም ነበር። እኛ የምናየው ግን ጫፏን ብቻ ነው። እግሯ 1,200 ሜትር ገደማ ከውኃው በታች ነው። ባሕሩ ቢደርቅ ከ1,400 ሜትር በላይ የሚረዝም ተራራ ቁጭ ብሎ ይታየን ነበር። ከመስቀል አደባባይ እስከ እንጦጦ ጫፍ ያለው ከፍታ እንኳ ይህን አያክልም።

ተራራው እሳተ ገሞራ ነው፤ እሳቱ ከየት እንደሚመጣም ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። የዐረቢያና የአፍሪካ መሬት እየተላቀቁ ነው። በየዓመቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ርቀት ይራራቃሉ። በስንጥቁ ውስጥ የቀለጠ ዐለት ወደ ላይ ይወጣል። የእኛ አፋር፣ የእኛ ኤርታሌ፣ እና ይቺ ደሴት የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 በአፋር ዳባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ሲሰነጠቅ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቶ ነበር። ይህን ሁሉ ያነበብኩት ግን በኋላ ነው። በዚያ ምሽት ጊዜም አልነበረኝ።

ገጹ በማግስቱ ጠዋት ማተሚያ ቤት መግባት ነበረበት። ሰዓቱ ከምሽቱ አራት ሆኗል። አንዱ ምንጭ «ነዋሪ የሌላት የእሳተ ገሞራ ደሴት» ይላል። ሌላው «በ2007 ፈነዳች» ይላል። ሁለቱን ገጣጠምኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰው አልባ የእሳተ ገሞራ ደሴት። በ2007 ዓ.ም. ፈነዳች። ነዋሪ ስለሌላት በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም።»

ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ማንም አልነገረኝም። የትም አላነበብኩትም። ከመጀመሪያው ተከትሎ የሚመጣ መስሎኝ ከራሴ አፈለቅኩት። ደግሞ ሦስተኛ መስመር ያስፈልገኝ ነበር። ዛሬም ሳስበው የሚያመኝ ይህ ነው፤ የጎደለኝ አንድ መስመር ነበር፣ የሞላሁት በሰው ሕይወት ነው።

ስልኩን ተቀብዬ ሳናግራቸው ብዙም አልተናገሩም። «ቢሯችሁ የት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ከሰዓት በኋላ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የነጣ ሰው ናቸው። መጽሔቱን በብብታቸው ይዘዋል። ካርታው ያለበት ገጽ በአውቶብስ ትኬት ምልክት ተደርጎበታል። ወንበር ሰጠኋቸው፤ መጀመሪያ አልተቀመጡም።

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ነሽ ይህን የሠራሽው?»

«አዎ ጋሼ።»

መጽሔቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉና ጣታቸውን አሰብ ላይ አሳረፉ። የጥፍራቸው ጫፍ የተሰነጠቀ ነው። ከዚያ በዝግታ ወደ ሰሜን አነሱት። «ሐኒሽ» አሉ። «ዙቀር። እዚች ጋ አቡ አሊ አለች፣ አንቺ አላስገባሻትም። ዙበይር።» ጣታቸው ባዶው ሰማያዊ ላይ ትንሽ ሄደና ምስሯ ላይ ቆመ። «ጀበል ጠይር።»

በወጣትነታቸው በኢትዮጵያ የንግድ መርከብ ላይ ሠርተዋል። ከአሰብ ተነስተው ወደ ስዊዝ ሲሄዱ መንገዳቸው በዚያ ነበር። ሌሊት ተራ ሲደርሳቸው ከሩቅ የሚጠብቁት የእሷን መብራት ነው። «መብራቷ ሲታየኝ ደረቴ ይለቀቅ ነበር» አሉኝ። «ብቻሽን ሆነሽ ጨለማ ላይ ስትሄጂ፣ አንድ ሰው እዚያ አምሽቶ የሚጠብቅሽ ነው የሚመስለው። መብራት ያለ ሰው ይበራል እንዴ? ምን ማለትሽ ነው ‘ሰው አልባ’?»

እውነታቸውን ነበር። በዚያ ባሕር ላይ የመብራት ማማዎች የተተከሉት በኦቶማን ቱርኮች ዘመን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ነው። ጀበል አል ጠይርም ከእነዚያ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። ቱርክ እ.ኤ.አ. በ1923 በሎዛን ስምምነት ደሴቶቹን ስትለቅ የማን እንደሚሆኑ አልተወሰነም። ነገሩ እንደተንጠለጠለ ዓመታት አለፉ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1995 ኤርትራና የመን በሐኒሽ ተታኮሱ። ጉዳዩ ወደ ግልግል ዳኝነት ሄደና እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1998 ጀበል አል ጠይርና ዙበይር ለየመን ተወሰኑ። ዳኞቹ ከመዘኗቸው ነገሮች አንዱ፣ መብራቶቹን ማን ሲያቆምና ሲንከባከብ ኖረ የሚለው ነበር። እርሻ በሌለበት፣ መንደር በሌለበት ድንጋይ ላይ የሰው ዱካ ሆኖ የተቆጠረው መብራት ነው።

ከዚያ ወዳመጣቸው ነገር ገቡ። ጣታቸው አሁን መግለጫዬ ላይ ነው።

«2007 አይደለም። 2000 ነው። ሚሊኒየሙን ያከበርን ሰሞን፣ የመስቀል ዕለት አልፎ በሁለተኛው ቀን። እሑድ ነበር። ሬዲዮ ላይ ሰማሁት። ወታደሮች ነበሩባት፣ የየመን ልጆች። ሞተዋል። አንቺ ማንም አልተጎዳም ትያለሽ።»

ያኔ ተቀመጡ። እኔ ግን ተነሳሁ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ እሳቸው እያዩ ፈለግኩ። እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 2007። በእኛ መስከረም 19 ቀን 2000 ዓ.ም.። እ.ኤ.አ. ማለቱን ዘልዬ «ዓ.ም.» ብዬ ስጽፍ ፍንዳታውን ሰባት ዓመት ወደፊት ገፍቼዋለሁ። ይህ ስህተት በሙያችን ያለ ነው፣ ይታረማል። ሌላው ግን ሌላ ነው። በዚያ ምሽት ደሴቷ ላይ የየመን ጦር ሰፈር ነበር። ከ1883 እ.ኤ.አ. ወዲህ ፀጥ ብላ የኖረችው ተራራ በድንገት ፈነዳች። ቀይ እሳት ከከፍታዋ ወደ ሰማይ ተወረወረ፣ ቅላጩ ወደ ባሕሩ ወረደ። ወታደሮች ሞቱ። በአካባቢው የሚያልፉ የኔቶ የጦር መርከቦች ነበሩና የየመን መንግሥት እርዳታ ጠየቀ፤ ቶሮንቶ የምትባለው የካናዳ መርከብ ባሕር ላይ የወደቁትን ፍለጋ ገባች።

አንድ ሰው ጨለማ ባሕር ውስጥ ሲዋኝ፣ ከኋላው ተራራ ሲነድ ታየኝ። እኔ ደግሞ «ነዋሪ ስለሌላት» ብያለሁ። ነዋሪ የለም ማለት ሰው የለም ማለት አይደለም። ዘብ አለ፣ ዓሣ አጥማጅ አለ፣ መብራት ጠባቂ አለ። ቤቱ ሌላ ቦታ ቢሆንም በዚያች ሌሊት እዚያ ያለ ሰው አለ።

«ይቅርታ ጋሼ» አልኳቸው። ከዚያ በላይ የምለው አላገኘሁም። እሳቸውም አልገፉበትም። ሻይ መጣ፤ ጠጡ። ስለ ዙበይር ጠየቁኝ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 እዚያ ከባሕር ውስጥ አዲስ ደሴት መውጣቷን፣ ዓሣ አጥማጆች እሳቱ 30 ሜትር ሲዘል ማየታቸውን ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ሁለተኛ ተወለደች። የመጀመሪያዋ ሾላን ተባለች፤ ሁለተኛዋ ጀዲድ፣ በዐረብኛ «አዲስ»። ሁለቱም ካርታዬ ላይ አልነበሩም። የተጠቀምኩበት መነሻ ካርታ ከመወለዳቸው በፊት የተሳለ ነበር፤ ዓመቱን ሳላይ ነው የወሰድኩት። «በእኛ ጊዜ እዚያ ውኃ ነበር» አሉ፣ ተገርመው። «ወይ ጉድ። አሁን መሬት ሆነ?»

አለቃዬ ማረሚያው ሁለት መስመር ይበቃዋል አለ። አልበቃኝም። ሩብ ገጽ ጠየቅኩ፣ ተከራከርኩ፣ ማስታወቂያ ሊገባበት የነበረውን ቦታ አገኘሁ። ያን ሳምንት ቀን ቀን ሥራዬን፣ ማታ ማታ ደሴቷን ነው ያነበብኩት። የከፍተኛው ጫፏ ስም ጀበል ዱኻን እንደሆነ አየሁ፣ «የጭስ ተራራ»። ስሙ ራሱ ሲያስጠነቅቅ ኖሯል። ከዚያም የሚያስደንቅ ነገር አገኘሁ። ስለ አዱሊስና ስለ አክሱም የሚናገረው፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ፔሪፕለስ የተባለው የባሕር ጉዞ መመሪያ፣ መርከበኞች የዐረብን ዳርቻ ፈርተው በባሕሩ መሃል «እስከ ተቃጠለችው ደሴት» ድረስ ፈጥነው እንደሚያልፉ ይገልጻል። ያቺ ደሴት ጀበል አል ጠይር ናት የሚሉ ብዙ ሊቃውንት አሉ። ከሆነች፣ የእኚህ ሰውዬ ሥራ የሁለት ሺህ ዓመት ሥራ ነው። ከአዱሊስ የወጣ መርከበኛም በእሷ መንገዱን ያውቅ ነበር።

ማረሚያው ላይ «ሰው አልባ» የሚለውን አወጣሁ። «ቋሚ ነዋሪ የላትም» ብዬ ጻፍኩ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር አስገባሁ። ወታደሮቹ መሞታቸውን ጻፍኩ። ሾላንና ጀዲድን ሳልኩ፣ አቡ አሊንም። ከካርታው ሥር ደግሞ መረጃው የየትኛው ዓመት እንደሆነ በትንሹ አሰፈርኩ። ከዚያ ወዲህ ይህን መስመር ሳልጽፍ ያስረከብኩት ካርታ የለም።

እትሙ ሲወጣ ደወልኩላቸው። ራሳቸው መጡ። ገጹን ከፍተው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ምስሯ አጠገብ አንዲት ቢጫ ኮከብ አስቀምጬ ነበር፣ በካርታው ማብራሪያ «የመብራት ማማ» የተባለች። ብዙ ቆዩባት።

«አንድ ትርፍ ቅጂ ታገኝልኛለሽ?» አሉ። «አብሮኝ ተረኛ የነበረ ጓደኛዬ ናዝሬት አለ። ዓይኑ ደክሟል፤ ግን አነብለታለሁ።»

ሦስት ሰጠኋቸው።