ሳይረጥብ የሚታጠብ ፎቶ

ጅማ፣ ኅዳር

«ሁለት ጉርድ ፎቶ አሳጥባችሁ አምጡ» ሲባሉ ተማሪዎች ስልካቸውን ወይም ፍላሽ ይዘው ፎቶ ቤት ይሄዳሉ። ማሽኑ ያትማል፣ በመቀስ ይቆረጣል፣ በትንሽ ፖስታ ይሰጣቸዋል። በዚህ ሁሉ መሃል ውሃ የነካው ነገር የለም። ሆኖም «አሳተምኩ» የሚል የለም፤ «አሳጠብኩ» ነው የሚባለው። ፊልም በእጁ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ቃሉን ወርሶታል። የካሜራን ታሪክ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለማስተማር ከዚህ ቃል የተሻለ መነሻ አላውቅም። «ለምን ማጠብ እንላለን?» የሚለውን ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፎ፣ መልሱን እስከ መጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሳይሰጡ ማቆየት ነው።

ይህ ትምህርት የሚበላሸው በዓመታት ሰልፍ ሲጀመር ነው። ተማሪው ለፈተና ይሸመድዳቸዋል፤ ዋናው ጥያቄ ግን ያመልጠዋል። ብርሃን በቀዳዳ ገብቶ የተዘቀዘቀ ምስል እንደሚሠራ ከ2000 ዓመት በላይ ሲታወቅ ኖሮ፣ ፎቶግራፍ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ምን አዘገየው? ምስሉን ማምጣት ቀላል ነው፤ ያስቸገረው ማስቀረቱ ነው። ሁለቱን ተማሪው በየተራ በእጁ ሲሠራቸው ልዩነቱ ይገባዋል።

ለመጀመሪያው ምንም ዕቃ አያስፈልግም። የቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት ክፍል ሚስማር የለቀቀባቸው ቀዳዳዎች ወለሉ ላይ ክብ ክብ ብርሃን ይጥላሉ። ሁሉም አይቷቸዋል፤ ቀዳዳው ቅርጹ የተጣመመ ሆኖ ሳለ ብርሃኑ ለምን ክብ እንደሆነ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። ያ ክብ የፀሐይ ምስል ነው። ደብተር ከጨረሩ ፊት ለፊት ቀጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል፤ ካዘነበለ ክቡ ወደ እንቁላል ቅርጽ ይለጠጣል። ከቀዳዳው እስከ ደብተሩ 3 ሜትር ከሆነ ክቡ ወደ 2.8 ሳንቲ ሜትር ይመጣል፤ ርቀቱ ለክቡ ስፋት ሲካፈል ወደ 107 ይሰጣል። ፀሐይ ከእኛ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ ያንን ለ107 ማካፈል ነው፤ የፀሐይ ስፋት፣ 1.4 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ በማስመሪያ ተለክቶ ይገኛል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ ስትጋረድ በዛፍ ጥላ ሥር የነበሩት ክብ ብርሃኖች ሁሉ ማጭድ የመሰሉት በዚሁ ምክንያት ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ባስራ ተወልዶ ካይሮ የሠራው ኢብን አል ሃይሰም ስለ ግርዶሽ ምስል ቅርጽ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፏል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ የማጭዱ ቅርጽ ለምን እንደሚጠፋም አስረድቷል። ስሙ ለብዙ የጅማ ተማሪ ጆሮ እንግዳ አይሆንም፣ ታሪኩንም የራሳቸው አድርገው ያዳምጡታል።

ቀጥሎ ክፍሉን ራሱን ካሜራ ማድረግ። የክፍል ምርጫው ግማሽ ሥራ ነው። ጠዋት ከሆነ መስኮቱ ወደ ምዕራብ የሚያይ ክፍል ይፈለጋል፤ ፀሐይዋ ከክፍሉ በስተጀርባ ሆና ውጭ ያለውን ዛፍና ግቢ ፊት ለፊት ታበራዋለች። ከሰዓት በኋላ ወደ ምሥራቅ የሚያየው ይሻላል። በክረምት አይሞከርም። ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብሩህ ሰማይ፣ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ብርሃን ለዚህ የተሠራ ይመስላል።

መስኮቶቹ በሁለት ድርብ ጥቁር ላስቲክ ይሸፈናሉ፤ አንድ ድርብ ብርሃን ያሳልፋል። በበሩ ሥር ጨርቅ ይጎዘጎዛል፣ የጣሪያው ቀዳዳዎችም ይደፈናሉ፤ ቅድም ያስተማሩን አሁን ጠላት ናቸው። በአንዱ መስኮት ላይ 5፣ 10 እና 20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያላቸው ሦስት የካርቶን ቁራጮች በየተራ ይለጠፋሉ። ከቀዳዳው 2 ሜትር ላይ ነጭ አንሶላ ይወጠራል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምስሉን ሩቅ ግድግዳ ላይ በመፈለግ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ በተለይ ግድግዳው ቀለም የተቀባ ከሆነ ምንም አይታይም። ሌላው ስሕተት ቸኩሎ «አልሠራም» ማለት ነው። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ ቢያንስ 10 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ የስልክ ስክሪን ከበራ ደግሞ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀመራል። ስልኮቹ ውጭ ይቀመጡ። 60 ተማሪ በታፈነ ክፍል አንድ ላይ ማስገባትም አይቻልም፤ 20 በ20 መከፋፈል ነው።

ከዚያ ባንዲራው ይታያል። 20 ሜትር ላይ የቆመ የ8 ሜትር ምሰሶ አንሶላው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ሆኖ፣ ጫፉ ወደ ታች፣ ባንዲራው ቀዩ ከላይ አረንጓዴው ከታች ሆኖ በነፋስ ሲውለበለብ ይመጣል። ይህች ቅጽበት ከማንኛውም ሥዕላዊ መግለጫ ትበልጣለች፤ ሥዕል አይንቀሳቀስም። የ20 ሚሊ ሜትሩ ቀዳዳ ምስሉን ያደምቀዋል ግን ያደበዝዘዋል፤ የ5ቱ ያጠራዋል ግን ያጨልመዋል። ከአንሶላው ፊት ቆሞ ለሚያይ የበሩ ላይ ጽሑፍ በመስተዋት እንደታየ ነው፤ ከአንሶላው ጀርባ ሲዞሩ ግን ተዘቅዝቆ ብቻ ይገኛል። ይህን ልዩነት ልብ ይሏል፣ በኋላ ይመለሳል።

ድምቀትና ጥራት አብረው እንዲመጡ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ጣሊያናዊው ዳንኤሌ ባርባሮ እ.ኤ.አ. በ1568 ቀዳዳው ላይ ሌንስ እንዲገባ ጽፏል። መንገድ ላይ የሚሸጥ ባለ +1 የማንበቢያ መነጽር ይበቃል። ቀዳዳው 3 ሳንቲ ሜትር ይደረግና አንዱ መስታወት ይለጠፍበታል፤ አንሶላው ወደ 1 ሜትር ከ5 ሳንቲ ሜትር ሲቀርብ የ20 ሜትሩ ዛፍ ቅጠሉ ይለያል። ባለ +3 መነጽር አይሁን፣ ምስሉ 34 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሚወድቅ የተማሪው ጭንቅላት ይጋርደዋል።

እዚህ ላይ ላስቲኩ ይነሳል፣ ምስሉ ይጠፋል። ያን ጊዜ ነው ታሪኩ የሚጀመረው።

ፈረንሳዊው ኒሴፎር ኒዬፕስ እ.ኤ.አ. በ1826 ወይም በ1827 ከመስኮቱ የሚታየውን ግቢ ሬንጅ በተቀባ ሳህን ላይ አስቀረ፤ ብርሃን የነካው ሬንጅ ጠነከረ፣ ያልነካው በዘይት ታጠበ። የመጀመሪያው የቀረ ፎቶም የታጠበ ነበር። የአገሩ ልጅ ዳጌር ብር የተለበጠ የመዳብ ሳህን በአዮዲን አጥኖ፣ ብርሃን አሳይቶ፣ ምስሉን በሜርኩሪ እንፋሎት አወጣ፤ ዘዴው ነሐሴ 1839 ለዓለም ይፋ ሆነ። (ሜርኩሪ በምንም ምክንያት ክፍል ውስጥ አይገባም፤ በቃል ብቻ ይነገር።) እንግሊዛዊው ታልቦት ወረቀት መረጠ። ባለቤቱ «የአይጥ ወጥመድ» በምትላቸው ትናንሽ ሳጥኖች ያነሳቸው ምስሎች ብርሃን እያዩ እንዳይጠቁሩ መጀመሪያ የተጠቀመው ከባድ የጨው ውሃ ነበር። አስተማማኙን መፍትሔ የሰጠው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሼል ነው፤ ሶዲየም ታዮሰልፌት ብርሃን ያልነካውን የብር ጨው እንደሚያሟሟ በ1819 አስቀድሞ ደርሶበት ነበር። የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ የአጸግብሮት ፍጥነትን ለማሳየት የሚጠቀምበት ያው ነጭ ክሪስታል ነው።

ለእኛ ተማሪ በጣም ቅርብ የሆነው ምስል የልዑል አለማየሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ በኋላ እንግሊዝ የተወሰደው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ገና የ7 ዓመት ሕፃን ሳለ፣ እንግሊዛዊቷ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በመስታወት ላይ አነሳችው። የዘመኑ ዘዴ እንግሊዛዊው አርቸር በ1851 ያወጣው እርጥቡ ኮሎዲየን (መስታወት ላይ የሚቀባ ሙጫ መሳይ ፈሳሽ) ነበር፦ መስታወቱ ተቀብቶ፣ በብር ናይትሬት ተነክሮ፣ ሳይደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ መነሳትም መታጠብም አለበት። ወደ መቅደላ የዘመተው ጦርም ፎቶ አንሺዎች ነበሩት፤ በዚህ ዘዴ ተራራ ላይ ለመሥራት ጨለማ ክፍሉን አብሮ ይዞ መጓዝ ግድ ነው። ልጁ ለምን ፊቱ ላይ ሐዘን እንደሚታይ ተማሪዎች ሲጠይቁ ግማሹ መልስ ኬሚስትሪ ነው፤ ለሰከንዶች ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር። የቀረው ግማሽ ኬሚስትሪ አይደለም፣ እሱንም ሳይሸሹ መንገር ይገባል።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አሳጥራለሁ። አሜሪካዊው የኮዳክ መሥራች ኢስትማን በ1888 100 ፎቶ የሚያነሳ ሳጥን በ25 ዶላር ሸጠ፤ ሲያልቅ ሳጥኑ እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይላካል። አንሺና አጣቢ ያኔ ተለያዩ፣ የፎቶ ቤት ሥራም ከዚያ ሰፋ። በ1975 የኮዳክ መሐንዲስ ስቲቭን ሳሰን የሠራው ዲጂታል ካሜራ 100 በ100 ነጥብ ብቻ ያለውን ምስል በካሴት ለመቅዳት 23 ሰከንድ ፈጀ። ውሃው የቀረው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ጣሳው። በማሽን የሚታተምበት ሳይሆን የብር ጨው የተቀባው፣ ብርሃን የሚያጠቁረው የፎቶ ወረቀት አንድ ፓኬት ከተገኘ የዱቄት ወተት ጣሳ ካሜራ ይሆናል። ውስጡና ክዳኑ የማያብረቀርቅ ጥቁር ቀለም ይቀባል። ጎኑ ላይ በሚስማር ይበሳና ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ የተቆረጠ ስስ ቁራጭ ይለጠፍበታል፤ እሱ በመርፌ ጫፍ ተበስቶ፣ ጀርባው በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ እንደገና ይጠረጋል። ጣሳው 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ካለው ቀዳዳው 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለመለካት ከማስመሪያ ጋር በስልክ አንስቶ ማጉላት ነው። ጠርዙ ሻካራ ከሆነ ምስሉ ጭጋግ ይለብሳል። ቀዳዳው በጠራ ፀሐይ ከ40 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ፣ በደመና ከ4 እስከ 8 ደቂቃ ተከፍቶ ይቆያል። ጣሳው ድንጋይ ይጫንበት። የሚነሳውም የማይንቀሳቀስ ይመረጥ፤ ጅሬን ላይ ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ለዚህ ተስማሚ ነው።

ወረቀቱ ከቀዳዳው ፊት ለፊት ወደ ጣሳው የሚገባውም ከጣሳው የሚወጣውም በቀይ መብራት ነው። መብራቱ ይታመን እንደሆነ ለማወቅ ወረቀት ላይ ሳንቲም አስቀምጦ 5 ደቂቃ ቆይቶ ማጠብ፤ የሳንቲሙ ቅርጽ ከወጣ መብራቱ አይሆንም።

ማውጫው፣ ማለትም ምስሉን ወረቀቱ ላይ የሚያወጣው ፈሳሽ፣ ቡና ነው። ለግማሽ ሊትር ውሃ 27 ግራም ውሃ አልባ የልብስ ሶዳ (ሶዲየም ካርቦኔት)፣ 8 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 20 ግራም ፈጣን ቡና፣ በዚሁ ቅደም ተከተል። ሥራውን የሚሠራው ካፌይኑ አይደለም፤ በቡናው ውስጥ ያሉ ፌኖላዊ አሲዶች ናቸው። ስለዚህ ጥሩ የጅማ ቡና አይባክንበት፤ በሮቡስታ የተሠራ ርካሽ ፈጣን ቡና ይበልጥ ይሠራል። በጣም የተለመደው ውድቀት የመጋገሪያ ሶዳ መጨመር ነው፤ አልካላይነቱ ስለማይበቃ ወረቀቱ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ሌላ ከሌለ መጋገሪያ ሶዳውን በደረቅ ብረት ምጣድ ለአንድ ሰዓት ያህል ማመስ ወደ ካርቦኔት ይለውጠዋል። የአልሙኒየም ሳህን አይሁን፣ ይበላል። ሽታው ቡናን አያስታውስም፤ መስኮት ይከፈት።

ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ሲወዛወዝ ሰማዩ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ሆኖ ይወጣል። በውሃ ለቅለቅ፣ ከዚያ በሊትር 200 ግራም ታዮሰልፌት ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በሚፈስ የቧንቧ ውሃ። የሰሌዳው ጥግ ጥያቄ እዚህ፣ እጃቸው እርጥብ ሆኖ ሳለ ይመለሳል። አንዱን ወረቀት ሆን ብሎ ታዮሰልፌቱን አስዘልሎ ፀሐይ ላይ ማውጣት ደግሞ ያስፈልጋል፤ ዓይናቸው እያየ ይጠቁራል።

የደረቀው ኔጋቲቭ፣ ማለትም ጥቁርና ነጩ የተገለበጠው ምስል፣ ጽሑፉ በመስተዋት እንደታየ ነው፣ አንሶላው ፊት እንዳዩት። በቀይ መብራት ሥር ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በአዲስ ወረቀት ላይ ማንጠፍ፣ ንጹሕ መስታወት መጫን፣ ከ1 ሜትር ላይ ተራ አምፖል ለጥቂት ሰከንድ ማብራት፤ ሰከንዱ በቁራጭ ወረቀት አስቀድሞ ይሞከራል። በቡናው ውስጥ ሲገባ ጥቁሩ ነጭ፣ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ የበሩ ላይ ጽሑፍም በትክክል ይነበባል።