ከኤፒክቴተስ ልምምዶች ሰው የሚዘለው ግማሽ

ከጥንት ግሪኮች ፍልስፍና ለዕለት ኑሮ የምጠቀመው «መመሪያ» የተባለውን የኤፒክቴተስን ትንሽ መጽሐፍ ነው። ሰውዬው ሮም ውስጥ ባሪያ ነበር፤ ነጻ ከወጣ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ዶሚቲያን ፈላስፎችን ሲያባርር ግሪክ ኒኮፖሊስ ገብቶ ትምህርት ቤት ከፈተ። መመሪያውን ከትምህርቱ ጨምቆ ያዘጋጀው ተማሪው አርያን ነው። 53 አጫጭር ምዕራፎች ስላሉት በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ችግሩ እንደ አንጋረ ፈላስፋ የጥበብ አባባል ብቻ አድርጎ ማንበቡ ላይ ነው፤ ይህ የሚሠራ ነገር ነው።

4ኛው ምዕራፍ ወደ ሕዝብ መታጠቢያ ከመሄድህ በፊት እዚያ የሚያጋጥምህን አስብ ይላል፦ ውሃ የሚረጭ፣ የሚገፋ፣ የሚሳደብ፣ የሚሰርቅ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ጭንቀት ጨመረብኝ» ይላል። ይጨምራል እንጂ! ቀጣዩ ግማሽ መታጠቡንም፣ ጠባይን ሳያበላሹ መመለሱንም አብሮ መፈለግ ነው። ስለዚህ ጠዋት ደብተሬ ላይ ሁለት መስመር እጽፋለሁ፦

መታወቂያዬን ላሳድስ እሄዳለሁ።
«ሲስተም የለም» ቢሉኝም ድምፄን ከፍ አላደርግም።

ሁለተኛው መስመር «ሠራተኛዋ እንዳትቆጣኝ» ከሆነ ልምምዱ ከሸፈ፤ የእሷ ቁጣ በእኔ እጅ አይደለም። ግሱ «እኔ» የሚል መሆን አለበት። ሊገጥሙ የሚችሉ እንቅፋቶችን ከሦስት በላይ መደርደርም አያስፈልግም፤ ከዚያ በላይ ስጋት መፈልፈል ነው።

1ኛው ምዕራፍ በእጃችን ያለውንና የሌለውን ይለያል። «ስለዚህ ተወው» ማለት የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም። መለየቱ እያንዳንዱ ጉዳይ ውስጥ ገብቶ ነው። ለሥራ ቃለ መጠይቅ መዘጋጀት፣ በሰዓቱ መድረስና ሳይዋሹ መመለስ የእኔ ነው፤ መቀጠሩ የእነሱ ነው።

ማታ ማታ ኤፒክቴተስ ራሱ ለተማሪዎቹ የጠቀሳቸውን የፓይታጎራሳውያን (የፈላስፋው ፓይታጎራስ ተከታዮች) የግጥም ጥያቄዎች ራሴን እጠይቃለሁ፦ የት ተሳሳትኩ? ምን ሠራሁ? ማድረግ ሲገባኝ የተውኩት ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ትልቁ ነገር የሚወጣው ከሦስተኛው ነው፤ ያልተደወለ ስልክ፣ ያልተጠየቀ ይቅርታ። የግጥሙ ስንኞች ለክፉው ራስህን ገሥጽ፣ በመልካሙ ግን ደስ ይበልህ ይላሉ። ደስታው ከተዘለለ በየማታው ራስን መውቀጥ ይሆናል፣ ማንም አይዘልቅበትም።

አጻጻፉን ከ45ኛው ምዕራፍ እወስዳለሁ፦ አንድ ሰው ቶሎ ቢታጠብ «ቶሎ ታጠበ» በል እንጂ «መጥፎ አድርጎ ታጠበ» አትበል። «ናቀኝ» ብዬ የጻፍኩትን ሰርዤ «ሰላም ስለው ስልኩን እያየ ነበር» ስል ከቂሙ አብዛኛው ይረግፋል። የፈረድኩት ያላየሁትን ሐሳቡን ነበርና።

ለቁጣ ደግሞ ኤፒክቴተስ የቀን ቆጠራ አለው፦ በየቀኑ የሚቆጣ በየሁለት ቀኑ፣ ከዚያ በየሦስት፣ በየአራት፤ 30 ቀን ያለ ቁጣ ያለፈለት ለአምላክ መሥዋዕት ያቅርብ ይላል። ቀን መቁጠሪያ ላይ የተቆጡበትን ቀን ማክበብ ይበቃል። አንድ ቀን ስለከሸፈ ከዜሮ ልጀምር ማለት ግን ስህተት ነው፤ የሚታየው በክቦቹ መካከል ያለው ርቀት ነው። ቁጣ የሚባለው ምን እንደሆነም አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ መጮህ፣ መሳደብ፣ በር መወርወር። ያለዚያ ማታ ላይ ሁሉም ሰው ለራሱ ጠበቃ ይቆማል።