አልመለስ ያለ ነዳጅ መስጫ

ሰሞኑን ሞተር ሳይክሌ መሪው ላይ የሚጠመዘዘውን ነዳጅ መስጫ ስለቀው አልመለስ እያለችኝ ነው። ፎገራ ሜዳ ላይ ብዙም አያስጨንቅም፤ ወረታ ገበያ ውስጥ በአህያና በባጃጅ መሀል ግን ላብ ያስጠምቃል። ትናንት እየጮኸችብኝ ፍሪሲዮን ጨምቄ በፍሬን ነው ያቆምኳት። አህያ የሚነዱ ሰውዬ «አንተ ልጅ፣ ቀስ በል!» አሉኝ። ቀስ ማለቱን እኔስ መች ጠላሁ።

ዛሬ ጥላ ሥር አቆምኳት። ሞተሩን ሳላስነሳ መስጫውን ጠምዝዤ ለቀቅሁት፤ ጤነኛ ቢሆን ቀጭ ብሎ ይመለስ ነበር፣ ግማሽ ላይ ቀረ። መሪውን ወደ ግራ ሳዞረው ጭራሽ ደረቀ። ጎረቤቴ ጋሼ በአጥር በኩል አይተው «ካርቡራቶሩ ነው፣ ለውጠው» ብለው ፈረዱ። ሞተር ቢያጨስም፣ አልነሳ ቢልም እሳቸው የሚያዙት መድኃኒት ያው ነው።

የካርቡራቶሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቀሉበትን ዕቃ) ክዳን ከፍቼ፣ መስጫው ሲጠመዘዝ ከፍ የሚለውን ቫልቭ ከነሞላው አወጣሁና ከመስጫው እስከ ቫልቩ የሚደርሰውን የሽቦ ገመድ፣ ካቦውን፣ ፈታሁት። ቫልቩ ንጹሕ ነው፤ ወደ ቤቱ ስመልሰው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ካቦውን ብቻውን ስስበው ግን ይንገራገጫል። ካቦ መሳብ እንጂ መግፋት አያውቅም፤ የሚመልሰው ያ ትንሽ ሞላ ብቻ ነው። ማፍጠኑን በገዛ እጄ፣ ማብረዱን ለሞላ ትቼ ነው እንግዲህ ስጋልብ የኖርኩት።

ካቦውን አንጠልጥዬ ላዩ ላይ የፌስታል ጫፍ አሰርኩና ላምባ ሞላሁበት። ከታች ሲንጠባጠብ የቡና አተላ ይመስላል። እስኪጠራ ጠብቄ ቀጭን ዘይት አስከተልኩ። ግራሶ አላስጠጋሁትም፤ በዚህ በጋ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ነው የሚይዘው።

ሽቦውን ስጠርግ ታዲያ ከላይኛው መታጠፊያ አጠገብ የሆነ ነገር ጣቴን ወጋኝ። አንዲት ክር ተበጥሳ ተቆልምማለች። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ሽፋኑን የምትነክሰው እሷ ናት። ላምባም ዘይትም ለዚህ አይሆንም፤ ቆርጬ ባወጣትም የቀሩት ክሮች ተራቸውን ይዘዋል።

ስለዚህ መልሼ አልገጠምኩትም። ሰኞ የከብት ክትባት አለብኝ፣ ሳጥኑን ተሸክሜ በእግር አይታሰብም። ነገ መለዋወጫ ቤቱ ከተከፈተ ከአሮጌው ጋር ለክቼ አዲስ ካቦ እገዛለሁ፤ ካጠረ መሪው ሲዞር ራሱ ነዳጅ ይሰጣል። ስገጥመውም ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ላላ አድርጌ ነው የማስረው። ካልተከፈተ በባጃጅ እሄዳለሁ።