ጅማ ተወልጄ "አገርሽ ቡና አይጠጣም እንዴ" የተባልኩበት ማታ

ሰሞኑን ጅማ ነኝ፣ ከሶስት አመት በኋላ ለእረፍት መጥቼ። የጅማን ሐምሌ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ከሰአት የጀመረው ዝናብ እስከ ማታ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያመሻል፣ መብራት ይጠፋል፣ ጭቃው በር ድረስ ይመጣል። ትናንት ማታ የልጅነት ጓደኞቼ እናቴ ቤት ተሰብስበው ከኤርፖርት ይዤ የመጣሁትን ውስኪ አዩና "እዛ አየርላንድ በብርድ የሚጠጡትን ትኩስ ነገር ስሪልን እንጂ" አሉኝ።

ሰራሁላቸው። ሎሚ፣ ቅርንፉድ፣ የጌራ ማር፣ ትኩስ ውሀ፣ በቃ የሻይ ቅመም ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። ብቻ ውስኪውን እሳት ላይ እንዳትጥዱት፣ አልኮል 78 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ተንኖ ያልቅና ሽታው ብቻ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ ውሀው ለብቻው ፈልቶ ትንሽ በረድ ሲል ነው የሚጨመርበት። ብርጭቆው ውስጥም የብረት ማንኪያ ይኑር፣ አለዚያ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሙስሊሟ ጓደኛዬ ያለ ውስኪ ዝንጅብል አስገብታ ጠጣችው፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ ከሁሉም የጣመኝ የሷ ነው።

ታዲያ አንደኛው ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅፎ "ታድለሽ፣ እንዲህ እየሞቀሽ እየተጫወትሽ ደሞ ይከፈልሻል" አለኝ። ዝም አልኩ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም ስለዚ ልጽፈው።

የምሰራው ደብሊን ቡና ቤት ውስጥ ነው። ይሄን ቃል ስጽፍ እንኳን እጄ ይከብደኛል፣ ጅማ ላይ ሴት ልጅ ቡና ቤት ትሰራለች ሲባል ሰፈሩ ምን እንደሚል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እነሱ ፐብ የሚሉት ግን ሌላ ነገር ነው፣ ሽማግሌው ጋዜጣውን ይዞ ይቀመጥበታል፣ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው እራት ይበሉበታል፣ ሰው ሲሞት ራሱ ከቀብር መልስ እዛ ነው የሚገቡት፣ እኛ ንፍሮ ስንቆረጥም እነሱ ውስኪያቸውን ይዘው የሟቹን ታሪክ እያወሩ ያለቅሳሉ ይስቃሉ። ግን ይሄን ሁሉ ለእናቴ በስልክ እንዴት ብዬ ላስረዳት? ሶስት አመት ሙሉ "ሆቴል ነው የምሰራው" ስላት ኖርኩ።

የመጀመሪያው ክረምቴ ነበር። እዛ ታህሳስ ላይ ከቀኑ 10 ሰአት ሲሆን ይጨልማል፣ ጠዋት ደግሞ ፀሀይ የምትወጣው 2 ሰአት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው፣ እኛ አመቱን ሙሉ 12 ሰአት ላይ ነግቶ 12 ሰአት ላይ ሲመሽ ያደግን ሰዎች ሰውነታችን ግራ ይገባዋል። ቤቱ ሞልቷል፣ አንድ ሽማግሌ መጥቶ አይሪሽ ኮፊ አዘዘኝ። ደስ አለኝ እኮ! ከዛ ሁሉ ስሙን ከማላውቀው ቢራና ኮክቴል መሀል ቡና የሚል ቃል ሰማሁ። ጅማ ነው የተወለድኩት፣ ቡና ጫካ ውስጥ በራሱ በሚበቅልበት አገር፣ የውጭ ነጋዴ ሳይቀር በስሟ ቡና በሚገዛባት ከተማ፣ ሰባት አመቴ ላይ ቡና መቁላት ችዬ ነበር። እንዳሳዩኝ አድርጌ ሰራሁት፣ ቡናውን ቡናማ ስኳሩን ውስኪውን፣ ከላይ ክሬሙን በማንኪያ ጀርባ ቀስ አድርጌ አፈሰስኩና ነጭ ሆኖ ቁጭ አለ። ከዛ ልሰጠው ስል እጄ ማንኪያ አነሳና አማሰለው።

ምን ላድርግ፣ እኛ ቤት እንግዳ ስኳሩ ከስር የቀረ ቡና አይሰጠውም፣ እማዬ ሲኒውን የምታቀብለው አማስላ ነው። ያ ሁሉ ነጭ ክሬም ቡናው ውስጥ ገባና አመድማ ሆነ፣ ላዩ ላይ ትንንሽ የቅባት ጠብታ ተንሳፈፈ። ሽማግሌው ምንም አላለም፣ በሁለት ጣቱ ብቻ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋው። አለቃዬ መጥታ አነሳችውና ሰው ሁሉ እያየ ሲንኩ ውስጥ ደፋችው። ከዛ "አገርሽ ቡና አይጠጣም እንዴ?" አለችኝ።

መልስ ነበረኝ። በአማርኛ ከአስር በላይ መልስ ነበረኝ፣ በእንግሊዝኛ አንድም አልመጣልኝ አለ። "ሶሪ" ብቻ ወጣ ከአፌ። የሚያንገበግበኝ ደግሞ ቡናው ራሱ ከጠዋት ጀምሮ ማሞቂያ ላይ ተቀምጦ ያረረ ነበር፣ እኛ ጋ በረካ ተብሎ እንኳን ለማንም አይቀርብም፣ እሱን ነው ያበላሸሽው ተብዬ የተሰደብኩት። መጋዘን ገብቼ አለቀስኩ።

ኩሽና የምትሰራ አንዲት ትልቅ ሴት ናት ተከትላኝ የገባችው። ቁጭ ብላ ነገረችኝ፣ በፈረንጆቹ 1943፣ የጦርነቱ ጊዜ፣ ፎይንስ የሚባል ውሀ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ጣቢያ ነበራቸው፣ አንድ ማታ አየሩ ከፍቶበት ከመንገድ የተመለሰ አውሮፕላን ተሳፋሪዎቹ በብርድ ሲንቀጠቀጡ ጆ ሸሪዳን የሚባለው የምግብ ቤቱ ሼፍ ቡናቸው ላይ ውስኪ ጨመረላቸው ይላሉ። ክሬሙ የማይማሰለው ትኩሱ ቡና በቀዝቃዛው ክሬም ስር አልፎ ከንፈር እንዲነካ ነው አለችኝ፣ ስኳሩም ቡናውን ስለሚያከብደው ክሬሙ እንዳይሰምጥ ያግዛል። ይሄን ስትለኝ ጎረቤታችን አዴ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ቤት ቅቤ ጣል የተደረገበት ቡና ስንጠጣ ማን አማስሎት ያውቃል? ቅቤው ላዩ ላይ ወርቅ መስሎ ተኝቶ ትኩሱን ከስር ነበር የምንስበው። የማውቀውን ነገር ነው አታውቂም የተባልኩት፣ አሁንም ሳስበው የሚያመኝ እሱ ነው።

ውስኪ ያሞቃል የምትሉት ነገርም እውነት አይደለም። የቆዳችሁን የደም ስር ይከፍትና ፊታችሁ ይግላል፣ ሙቀታችሁ ግን በዛው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ጠጥቶ ብርድ ውስጥ የሚገባ ሰው ካልጠጣው በላይ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ግን አይታወቀውም። እዛ ያወቅኳቸው የአገሬ ልጆች አሉ፣ ከስራ መልስ ለብርድ ብለው በአንድ ብርጭቆ ጀምረው አሁን ክፍላቸውን ዘግተው ብቻቸውን ጠርሙስ የሚጨርሱ፣ ቤተሰብ ሲደውል የማያነሱ። ጨለማው ነው የሚጀምራቸው። ለመሄድ የተነሳችሁ ካላችሁ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት እሱን ቁጠሩት፣ ጃኬት ይገዛል፣ 10 ሰአት ላይ ሲጨልም አብሯችሁ ሻይ የሚጠጣ ሰው ግን አይገዛም፣ መጀመሪያ ሰው ፈልጉ፣ ቤተክርስቲያንም ይሁን መስጊድ እቁብም ይሁን። እና ስራችሁን አትናቁ፣ ግን ስትሰደቡ የምትመልሱበት ቋንቋ ይዛችሁ ሂዱ፣ አስር አረፍተ ነገር ብትሆንም።

ይሄን ሁሉ ትናንት ማታ በኋላ ላይ ለጓደኞቼ አወራሁላቸው፣ እማዬ ጓዳ ያለች መስሎኝ ነበር። በሩ ስር ቆማ ሰምታለች። "ቡና ቤት ነው እንዴ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ዝናቡ ብቻ ነበር የሚሰማው።

"ቡናውን አሁን ማን ነው የሚያፈላው?"

"እኔ ነኝ እማዬ።"

"ቆልተሽ?"

"ማሽን ነው።"

ምንም ሳትለኝ ወደ ጓዳ ገባች። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ቡና ስትለቅም አገኘኋት፣ የተሰበረውን በአንድ በኩል፣ ደህናውን በሌላ በኩል፣ አጠገቧ ሁለት ኪሎ የሚይዝ ከረጢት አለ። የማን ነው ብላት ቀና ሳትል "የዛች የአለቃሽ" አለችኝ።