መብራት ሄደ እንጂ ኤሌክትሪክ አልሄደም

ያን ቀን መብራት ሲሄድ ስልኬ 34 በመቶ ላይ ነበር። ምንም አልመሰለኝም። «አሁን ይመጣል» አልኩና የስልኩን መብራት አብርቼ ራቴን በላሁ። ከዚያ ጋደም ብዬ ቪዲዮ ማየት ጀመርኩ። እኩለ ሌሊት ሳይሆን ስልኩ ባትሪ ዘጋ። መብራቱ አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። እናቴ ቀኑን ሙሉ ስትደውል ዋለች። አመሻሽ ላይ ራሷ መጥታ በሩን አንኳኳች።

«ምን ሆነህ ነው አንተ?» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም። ባትሪ ነው የዘጋብኝ።

ያን ሰሞን የተናደድኩት በመብራቱ ነበር። ካለፈ በኋላ ግን ክፍሌን ዞር ዞር ብዬ አየሁና ራሴን ታዘብኩት። ጠረጴዛው ላይ ባትሪው ሙሉ የሆነ ላፕቶፕ አለ። መሳቢያው ውስጥ ፓወር ባንክ አለ። ከጠረጴዛው ሥር ለኮምፒውተር የገዛሁት ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው የባትሪ ሳጥን፣ አለ። ደጅ መኪና ቆሟል። ስልኬን ከአሥር ጊዜ በላይ የሚሞላ ኤሌክትሪክ እቤቴ ተቀምጦ፣ እኔ የግድግዳውን ሶኬት እያየሁ ነበር የጠበቅኩት።

ከዚያ ወዲህ መብራት ብዙ ጊዜ ሄዷል። በሄደ ቁጥር አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ጥቂቱን በነጻ፣ አብዛኛውን ባትሪ ከፍዬ።

መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ፓወር ባንኩ ነው። ላዩ ላይ በትልቁ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይላል። የስልኬ ባትሪ 5,000 ነው። ሁለት ጊዜ ይሞላልኛል ብዬ ደመደምኩ፤ ለማካፈል ሒሳብ አዋቂ መሆን አያስፈልግም። አንዴ ሞላልኝ። ሁለተኛውን ግማሽ ሳያደርስ አለቀ። ተጭበረበርኩ ብዬ ነበር። በኋላ ገልብጬ ጀርባውን ሳነብ ግን በደቃቅ ፊደል ሌላ ቁጥር ተጽፏል፦ 6,000፣ በ5 ቮልት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውስጡ ያለው ባትሪ የሚሠራው በ3.7 ቮልት ነው። ወደ ስልካችን የሚወጣው ደግሞ 5 ቮልት ነው። ቮልቱን ከፍ ሲያደርግ የአምፒሩ ቁጥር ይቀንሳል፤ የተወሰነው ደግሞ በሙቀት መልክ ይባክናል። ስልኩም ሲቀበል የራሱን ያህል ያባክናል። ስለዚህ ሚሊ አምፒሩን ትቼ በዋት ሰዓት፣ ማለትም በተከማቸው ኤሌክትሪክ መጠን፣ መቁጠር ጀመርኩ። ይኼኛው አይዋሽም። የእኔ ስልክ ወደ 19 ዋት ሰዓት ይይዛል። ፓወር ባንኩ ውስጡ 37 አለው፤ ከዚያ ውስጥ የሚወጣው 30 ገደማ ነው። ላፕቶፑ 50። እንዲህ ሳስቀምጠው ቤት ውስጥ ምን ያህል እንዳለኝና ለስንት ቀን እንደሚበቃኝ ታየኝ። ቁጥሩን ለማግኘት አምፒር ሰዓቱን በቮልቱ ማባዛት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ራሱ ዕቃው ላይ ተጽፏል።

በዚሁ ፓወር ባንክ የደረሰብኝን ሌላ ጉድ ልንገራችሁ። አንድ ማታ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ስልኬን ሰክቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ስልኬ 20 በመቶ ወርዷል፤ ፓወር ባንኩ ደግሞ ጠግቦ አድሯል። ስልኬ ነው ለካ ሌሊቱን ሙሉ ፓወር ባንኩን ሲሞላ ያደረው! አንዳንድ ስልኮች ኤሌክትሪክ መስጠትም ይችላሉ፤ በዚህ ገመድ ሲገናኙ ሁለቱ ማን ሰጪ ማን ተቀባይ እንደሚሆን ተደራድረው ነው የሚወስኑት። የእኔ ስልክ በድርድሩ ተሸንፏል። አሁን ከሰካሁ በኋላ የመሙያው ምልክት መምጣቱን ሳላይ አልተኛም። አለዚያም አንዱ ጫፉ አሮጌው ሰፊ ዩኤስቢ የሆነውን ገመድ እጠቀማለሁ። እሱ ከሰፊው ጫፍ ወደ ስልኩ እንጂ ወደኋላ አይሄድም።

ከሁሉም የበለጠ ያስተማረኝ ግን ሦስተኛው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ጨዋ ሆኛለሁ። ቪዲዮ የለም፤ የስልክ መብራት የለም፤ ስክሪኑን አደብዝዤዋለሁ። ማታ 60 በመቶ ላይ ትራስጌ አስቀመጥኩት። ጠዋት 31። ማንም አልነካውም። ሳነሳው ሞቅ ብሎ ነበር።

የኔትወርኩን ምልክት ሳይ ገባኝ። አንዲት መስመር ብቅ ትልና ትጠፋለች። የኔትወርክ ማማዎች መብራት ሲሄድ በመጠባበቂያ ባትሪ ወይም በጄኔሬተር ይሠራሉ። ያ ሲያልቅ በአካባቢያችን ያለው ማማ ይዘጋል፤ ስልካችን ደግሞ ሩቅ ያለውን ሌላ ማማ ማሳደድ ይጀምራል። ማማው በራቀ ቁጥር ስልኩ ጮክ ብሎ መናገር አለበት፤ ማለትም በከፍተኛ ኃይል ነው የሚልከው። ጭራሽ ካጣ ደግሞ ደጋግሞ ይፈልጋል። ኪሳችን ውስጥ ቁጭ ብሎ ይደክማል።

መድኃኒቱ ፍላይት ሞድ ነው። እናቴና እህቴ ጋር ተስማማን። መብራት ከሄደ በየሁለት ሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ስልኬን እከፍታለሁ፤ በዚያን ሰዓት ይደውሉ። ከዚያ እዘጋዋለሁ። በመሀል አጭር የጽሑፍ መልእክት ቢልኩልኝ አይጠፋም፤ ኔትወርኩ ያስቀምጥልኝና ስከፍት ተከታትሎ ይገባል። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ድምፅ እንቢ ብሎ ጽሑፍ የሚያልፍበት ጊዜም ብዙ ነው። ያን ዘዴ የጀመርኩ ሌሊት ስልኬ የወረደው 2 በመቶ ብቻ ነው። የተሻለ ፓወር ባንክ ብገዛ እንኳን ይህን ያህል አላተርፍም ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ክፍት መተግበሪያዎችን አንድ በአንድ ወደ ላይ እየጠረጉ መዝጋት ባትሪ ያቆጥባል የሚባለው ነገር አይሠራም። እኔም ለዓመታት ሳደርገው ኖሬያለሁ። ስልኩ ራሱ አስተኝቷቸው ነበር፤ እኛ ስንዘጋቸውና መልሰን ስንከፍት ከዜሮ ሲነሱ ነው የበለጠ የሚበሉት። ጥቁር ገጽታውም ቢሆን የሚጠቅመው ኦሌድ ስክሪን ላለው ስልክ ነው። እዚያ ላይ ጥቁሩ ቦታ በእርግጥ ስለሚጠፋ። በሌላው ዓይነት ስክሪን ከኋላ ያለው መብራት ያው እንደበራ ነው። ብርሃኑን መቀነስ ግን ለሁሉም ይጠቅማል።

ስልክን እንደ ባትሪ መብራት መጠቀም ደግሞ፣ ይቅርታ፣ ስንፍና ነው። ተራ የእጅ ባትሪ ገዝቼ ከበሩ አጠገብ ሰቀልኩ። ነገሩ አለቀ።

ዩፒኤሱ ሌላ ታሪክ ነው። ትልቅና ከባድ ስለሆነ ብዙ ጠብቄበት ነበር። ውስጡ ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፤ 84 ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። በወረቀት ላይ ስልኬን አራት ጊዜ ይሞላል። የስልኬን ቻርጀር ሰካሁበት። ጢጥ ጢጥ እያለ ጆሮዬን በላው። ብዙም ሳይቆይ ጸጥ አለ። ስልኬ ላይ የጨመረው አንድ ሙሉ እንኳን አይሆንም።

ምክንያቱ ጉዞው ነው። ዩፒኤሱ ከባትሪው 12 ቮልት ተነስቶ የግድግዳ ሶኬት ዓይነት ኤሌክትሪክ ይሠራል። የስልኩ ቻርጀር ያንን ይቀበልና መልሶ ወደ 5 ቮልት ያወርደዋል። ተራራ ወጥቶ መውረድ ነው። ያ ሁሉ ሲሆን ዩፒኤሱ ራሱን ለማሠራት የሚበላው አለ፤ ምንም ባይሰካበትም ይበላል። የተሠራው ኮምፒውተር በሥርዓት እስኪዘጋ ለጥቂት ደቂቃ እንዲያቆይ እንጂ ስልክ እንዲቀልብ አይደለም። እንደዚያ ዓይነቱን ባትሪ ሙጥጥ አድርጎ መጨረስም ዕድሜውን ያሳጥረዋል። ከዚያ በኋላ አልሞከርኩትም።

ላፕቶፑ ግን ወርቅ ሆኖ ተገኘ። ያም ቢሆን ካበላሸሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ ከፍቼ፣ ስክሪኑ እየበራ፣ ስልኬን ሰካሁበት። ላፕቶፑ ለራሱ ስልኩ ከሚወስደው እጥፍ በላይ ይበላ ነበር። አሁን ክዳኑን እዘጋዋለሁ። ላፕቶፖች ላይ ተኝተውም ሆነ ጠፍተው የሚሰጥ የዩኤስቢ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አለ፤ አጠገቡ ትንሽ የመብረቅ ምልክት ይኖረዋል። በአንዳንዱ ከሴቲንግ ማብራት ያስፈልጋል። ያንን በሰላሙ ቀን ነው መፈተሽ። በጨለማ ሴቲንግ ሲያገላብጡ ባትሪ መጨረስን የመሰለ ሞኝነት የለም፤ አውቀዋለሁ፣ አድርጌዋለሁ። አሮጌው ቀዳዳ በዝግታ ነው የሚሞላው፤ 5 ቮልት በግማሽ አምፒር። ግን ሌሊቱ ረጅም ነው።

መኪና ያለው ሰው ብዙ አይጨነቅ። የመኪና ባትሪ ከ500 ዋት ሰዓት በላይ ይይዛል፤ አንድ ስልክ መሙላት ለሱ ምንም ማለት አይደለም። የሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካውን ትንሹን ቻርጀር ተጠቀሙ። ሞተሩን ማስነሳት አያስፈልግም። ሬዲዮና መብራቱን ግን አጥፉ፤ የመኪና ባትሪ የሚገድሉት እነሱ ናቸው። አንድ ነገር ሳልቀልድ ልናገር። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አስነስቶ ስልክ መሙላት ሰው ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ጄኔሬተርም እንደዚሁ ነው፤ ቦታው ውጭ ነው።

ሶላርም ሞክሬያለሁ። 10 ዋት የተባለ ታጣፊ ሰሌዳ ነው። ጥሩ ፀሐይ ሲሆን ግማሹን ወይም ትንሽ ከፍ ያለውን ይሰጣል። መስኮት ውስጥ ሆኖ ከመስታወት ኋላ ሲሆን በጣም ይቀንሳል። የመጀመሪያ ቀን ስልኬን እዚያው ሰሌዳው ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ስመለስ ግሎ መሙላት አቁሟል፤ ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። የሊቲየም ባትሪ ሙቀት ጠላቱ ነው። አሁን ፓወር ባንኩን ሰሌዳው ጥላ ሥር አድርጌ ቀን እሱን እሞላለሁ። ማታ እሱ ስልኬን ይሞላል። ደመና ሲመጣና ሲሄድ የሚቆራረጠውን ፓወር ባንኩ ይቻለው።

መብራት ብልጭ ብሎ የሚሄድበት ጊዜም አለ። ለግማሽ ሰዓት ይመጣል፤ ያንን ግማሽ ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ስልክ ከ20 እስከ 80 በመቶ በፍጥነት ይሞላል፤ ከ80 በላይ ግን ባትሪውን ላለመጉዳት ራሱ ቀስ ይላል። ስለዚህ አንዱን ስልክ 100 ለማድረስ አልጠብቅም። 80 አካባቢ ሲደርስ ነቅዬ የእህቴን እሰካለሁ። ገመዱም ይለያል፤ ቀጭንና ረጅም ገመድ እየጎተተ ነው የሚሰጠው። አጭርና ወፍራሙን ለዚያ ሰዓት አስቀምጫለሁ።

ግን መጀመሪያ አምስት ደቂቃ እታገሳለሁ። መብራት ሲመለስ ቮልቱ ሊዘል ይችላል። አንድ ቻርጀር በዚያች ቅጽበት ተቃጥሎብኛል። ሲሄድ ሁሉንም መንቀል፣ ሲመጣ ረጋ ብሎ መሰካት ልማዴ ሆኗል።

ፓወር ባንክ ሲቀመጥ ግማሽ ሆኖ ቢሆን ለዕድሜው ጥሩ ነው ይላሉ። እውነት ነው። እኔ ግን ከ80 በታች አላስቀምጠውም። ዕድሜው ትንሽ ቢያጥር ይጠር፤ በጨለማ ግማሽ ሆኖ ቢገኝ ምን ይረባኛል? በወር አንዴ አየዋለሁ። ያበጠ ወይም ቅርጹ የተለወጠ ከሆነ ግን አልነካካውም፤ ከአገልግሎት ነው የማወጣው። ያበጠ ባትሪ እሳት ሊያነሳ ይችላል።

ባለፈው ለሦስት ቀን ሄደ። ስንጀምር የእኔ ስልክ 78 ነበር፤ ፓወር ባንኩና ላፕቶፑ ሙሉ። እህቴም እኔ ጋር ስለነበረች ሁለት ስልክ ነው የምንቀልበው። አንደኛውን ቀን ከፍላይት ሞድ እየገባን እየወጣን ምንም ሳንሰካ አሳለፍን። ሁለተኛው ሌሊት ላፕቶፑ ሁለታችንንም ሞላ። ሦስተኛው ቀን ፓወር ባንኩን ጀመርን። እህቴ መሀል ላይ ተደብቃ ቪዲዮ ስታይ ያዝኳት፤ ተኮራርፈን ዋልን። እናቴ በተስማማነው ሰዓት ደወለችልኝ፤ አነሳሁ። በር አላንኳኳችም።

መብራቱ ሲመጣ ሌሊት ነበር። ፍሪጁ ሲጮህ ነው የነቃሁት። ስልኬ 52 በመቶ ላይ ነው። ፓወር ባንኩ ላይ አንዲት መብራት ቀርታለች። መኪናውን አልነካነውም። አምስት ደቂቃ በጨለማ ሶኬቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ ፓወር ባንኩን ሰክቼ ተመልሼ ተኛሁ።