ልብ ግዛ

ሰኞ ዕለት ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ሲከፋኝ እንደማደርገው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድኩ። ዓሣ ለመብላት አይደለም፣ አባ ኮዳ የሚባሉትን ትልልቅ ወፎች ለማየት ነው። ጡረታ የወጡ ዳኞች መስለው ተኮፍሰው ይቆማሉ፤ የሚጠብቁት ግን የዓሣ አንጀት ነው።

ማታ በባጃጅ ተመለስኩ። ስወርድ ልጁ በጨለማው አስር ብር መስሎት መቶ ብር መለሰልኝ። አየሁት። ዝም አልኩ።

ልብ በሉ፣ የቀደመው እጄ ነው፤ ኪሴ ገባ። ምክንያቶቹ ከኋላ ተሰልፈው መጡ። ባለፈው ሳምንት አንዱ እጥፍ አስከፍሎኝ የለ? ዝናብ ሲጥል ይጨምሩብን የለ? ደግሞስ ራሱ አይደል የሰጠኝ? ጭንቅላቴ እንዲህ ያለ ጎበዝ ጠበቃ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ዴቪድ ሂዩም የሚባል የስኮትላንድ ፈላስፋ ይህን እ.ኤ.አ. በ1739 ጽፎታል፣ 28 ዓመት እንኳ ሳይሞላው። ማሰብ የስሜት ባሪያ ነው አለ። ይባስ ብሎ መሆን ያለበትም እንደዚያው ነው አለ። ሐሳብ መንገዱን ያሳይሃል እንጂ ተነስና ሂድ አይልህም ማለቱ ነው። ተማሪ ሳለሁ ሳነበው ተናድጄበት ነበር።

እኛ ግን መቼ ለያየናቸው? ልባችን ይወዳል፣ ያስባልም። እማዬ ሳጠፋ «ልብ ግዛ!» ነበር የምትለኝ። አእምሮ ግዛ ያለኝ ሰው የለም። ስናዝን ሆዳችን ይባባል፣ አንጀታችን ይበላል። ስንናደድ ጨጓራችን ይላጣል። ፈረንጅ ጭንቅላትና ልብ ብሎ ለሁለት ከፈለው፤ እኛ ሙሉ ሥጋ ቤት ይዘን እንዞራለን።

የዚያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የከነከነኝ ሕግም ፈጣሪም አልነበረም፣ አልዋሽም። የልጁ ጫማ ነው። በዚያ ጭቃ የተበጠሰ ነጠላ ጫማ። አንጀቴን በላው።

የተያዝኩትም እዚህ ላይ ነው። ሹፌሩ በስልክ እየጮኸ የሚነዳ ጎልማሳ ቢሆን ኖሮ ለጥ ብዬ እተኛ ነበር። መቶ ብሩ ያው መቶ ብር፣ ሌብነቱም ያው ሌብነት። ስሜቴ ዳኛ ከሆነ ፊት እያየ የሚፈርድ ዳኛ ነው። ሂዩምም ለቅርባችን እንደምናደላ አልካደም። ስለዚህ ከራሳችን ቦታ ወጣ ብለን፣ ሁሉም ሊቆምበት ከሚችል ቦታ እንይ ይላል። እሺ፣ ወጣ በል የሚለኝ ማን ነው? ባሪያው?

ማግስቱን ፌርማታው ላይ ቆሜ ፈለግሁት። ፊቱን በደንብ አላየሁትም ነበርና የሹፌሮቹን እግር እየቃኘሁ ሄድኩ። አንዱ «ወንድሜ፣ ሊስትሮ ጀመርክ እንዴ?» አለኝ። ልጁ የለም። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ብሯ እስካሁን ስልኬ ሽፋን ውስጥ ናት። ዛሬ ጠዋት የስልክ ካርድ ሲያልቅብኝ «ልበደራት» ብዬ አወጣኋት። መልሼ ከተትኳት። አሁን «ልበደራት» የምትለዋን ቃል ማን ነው ያቀበለኝ?